ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ወረቀት ሲጠየቅ

ባለፈው ሳምንት እስራኤል ውስጥ በምኖርበት ከተማ ስለ ወጣቶች ፕሮግራም እንድንነጋገር ወላጆች ተጠርተን ነበር። በዚህ ዓመት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ከታሰቡት የሥር ፍለጋ ጉዞዎች መካከል የፖላንዱና የሞሮኮው እንደሚቀጥሉ፣ የኢትዮጵያው ግን ከበጀት መውጣቱ ተነገረን። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ገንዘብ አጥሯቸው ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ የፕሮግራሙ ኃላፊ የሰጡት ማብራሪያ ነው። «እዚያ መዝገብ የለም፤ ስም የተጻፈበት መቃብር የለም፤ ያለ ሰነድ የሚደረግ ጉዞ ደግሞ ሽርሽር እንጂ ሥር ፍለጋ አይደለም» አሉ። ከፊቴ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት የእኛው ሰዎች፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን (አይሁድ) እንኳ አንገታቸውን በእሺታ ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ከኃላፊው ይልቅ ለእነሱ ነው።

ኃላፊው «መዝገብ» ሲሉ የሚታያቸው የብረት ቁም ሣጥን፣ ማኅተምና የደብዳቤ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ነገር በወገራና በደምቢያ፣ በጃናሞራና በጸገዴ በነበሩት የቤተ እስራኤል መንደሮች እንዳልነበረ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም፤ እዚያ የተወለድነው እኛ ነን። ነገር ግን ወረቀት አልነበረም ማለት ማስረጃ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው የልጆቻችንን ሥር ፍለጋ እንዲመራ መቀመጡ ራሱ ሊያስጠይቅ ይገባል።

በእኛ ዘንድ ጋብቻ የሚፈቀደው ዘር ተቆጥሮ ነበር። ወንዱና ሴቲቱ በአባትም ሆነ በእናት ወገን እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንደማይዛመዱ ካልተረጋገጠ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እሱ የእገሌ፣ እናቱ ከበለሳ የመጣች የእገሌ ልጅ፣ የእሷ እናት ደግሞ የወንዙ ማዶ ሰው እያሉ። ይህን አያት ለልጅ ልጇ ምድጃ ዳር ከምታወራው ተረት ጋር የሚያምታታ ሰው አንድም ጊዜ ቁጭ ብሎ አልሰማም። ቆጠራው የሚካሄደው ተቃራኒው ወገን ፊት ለፊት ተቀምጦ «እዚህ ላይ ዘለልክ፤ ያቺ ሴት እኮ መጀመሪያ ያገባችው ሌላ ሰው ነበር» እያለ ሲያርም ነው። አንድ ስም ቢሳሳት ሠርግ ይፈርሳል፤ ድግስ የተደገሰበት እህል ይበላሻል፤ ሁለት ቤተሰብ ይኳረፋል። በዚህ ዓይነት ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ላይ ሰው እንደፈለገ አያወራም።

እስቲ ኃላፊው የትኛው የማዘጋጃ ቤት መዝገብ በየሠርጉ ተከፍቶ በባላጋራ እንደሚመረመር ይንገሩን። አንድ ጸሐፊ አንድ ቀን ጠዋት እንደመሰለው ጽፎ የዘጋው፣ ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካው ወረቀት «ሰነድ» ሲባል፣ በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ በየትውልዱ በተቃራኒ ምስክር ፊት ሲፈተን የኖረ ቃል «ወሬ» የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም። ስሌት ለሚወዱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጥር በሰባተኛው ላይ ብቻ 128 ቅድመ አያቶች አሉት። ይህን ሁሉ ብቻውን በቃሉ የያዘ ሽማግሌ አላውቅም፤ የሚሰበሰቡትም ለዚህ ነው። አንዱ የወገራውን፣ ሌላው የደምቢያውን፣ ሦስተኛው በጋብቻ ወደ ቋራ የሄደችውን ሴት ዘር ይዞ ይመጣል። መዝገቡ በሰዎች መካከል ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያጠፋውም ሊፈጥረውም አይችልም።

የእስራኤል መንግሥትም ቢሆን ይህን በሚገባ ያውቃል። ወደዚህ አገር ለመግባት የሚጠባበቁትን የጎንደርና የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ዘር ለማጣራት የተላኩት ሰዎች የመንደር መዝገብ ቤት አላስከፈቱም፤ እሱማ የለም። ሰው አስቀምጠው «የማን ልጅ ነህ? እናትህ የማን ልጅ ናት? እዚህ ማን ያውቅሃል?» ብለው ነው የጠየቁት። በመልሱም ሰው ገብቷል፣ በመልሱም ሰው ቀርቷል፤ ወንድምና እህት ተለያይቷል። ሰው ወደ አገር ለማስገባትና በር ለመዝጋት ማስረጃ የሆነው ቃል አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የአያቱን መንደር እንዲያይ ሲሆን ጊዜ ማስረጃነቱ ይሻራል ማለት ነው?

እኛ ወረቀት መያዝ የጀመርነው መቼ እንደሆነ ልንገራችሁ። የእኔ የመጀመሪያ ሰነድ ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት ነው፤ ግንቦት 1991 አዲስ አበባ አውሮፕላን ልንሳፈር ስንል ግንባሬ ላይ የተለጠፈልኝ። (ወራቱንና ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲጓዝ ቁጥር ማስፈለጉ ይገባኛል፤ በዚያ ቀን ማንንም አልወቅስም። ሁለተኛው ሰነድ ግን እዚህ ከደረስን በኋላ ጠረጴዛ ላይ የተሠራው ነው። የተወለድኩበትን ቀን አባቴ «ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን» አሉ፤ ጸሐፊዋ ጥር አንድ ብላ ጻፈች። እናቴም ጥር አንድ፣ እኔም ጥር አንድ፣ የእኛ ሰፈር ግማሹ ጥር አንድ ነው የተወለደው። ከዚያ የቤተሰብ ስም ተጠየቅን። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ የአያት ስም ተወሰደ። አባቴ የራሳቸውን አያት ስም ሰጡ። ትዳር ይዞ ለብቻው የተመዘገበው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የራሱን አያት ስም፣ ማለትም የአባቴን አባት ስም ሰጠ። በዚህ የተነሳ በእስራኤል መንግሥት መዝገብ ውስጥ አባቴና የበኩር ልጃቸው የተለያየ የቤተሰብ ስም አላቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሰነድ ብቻ ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ ሁለቱ ባዳ ናቸው ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ድረስ ሳያዛንፉ ያመጡትን የዘር ሐረግ ወረቀቱ በአንድ ጠዋት በመጀመሪያው ቤት ላይ በጠሰው። ከዚህ በኋላ «ሰነድ የላችሁም» ሲሉን መሳቅ ነው ወይስ ማልቀስ?

«ታዲያ ቆጠራው በሽማግሌዎች አፍ ካለና ሽማግሌዎቹም እዚህ ካሉ ለምን ኢትዮጵያ ድረስ ትሄዳላችሁ?» የሚል አይጠፋም። የሚኬደው ቆጠራው ቦታ ላይ የታሰረ ስለሆነ ነው። «የወንዙ ማዶ ሰው» የሚለው ቃል ወንዙን ላላየ ልጅ ባዶ ድምፅ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ የትዝታችን ግማሽ በአውሮፕላን አብሮን አለመምጣቱ ነው፤ እዚያው በጎረቤቶቻችን ዘንድ ቀርቷል።

በ2019 አባቴን ይዤ ወገራ ሄጄ ነበር። ከጎንደር በስተሰሜን የሚወጣውን መንገድ ይዘን፣ ከመኪናው ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። ቤታችን የለም፤ የድንጋይ መሠረቱና አጥር የነበረው ቁልቋል ብቻ ቀርቷል። ኃላፊው ቢያዩን ኖሮ «አላልኳችሁም?» ይሉ ነበር። አባቴ ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ባልቴት ምርኩዝ ይዘው ከታችኛው ግቢ ወጡ፤ ቀርበው ለረጅም ጊዜ ፊታቸውን ሲመለከቱ ቆዩና «አንተ የቀጥቃጩ ልጅ አይደለህም?» አሉ። አባቴ ከዚያ መንደር ከወጡ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኃላፊው በምን ዓይነት ቅጽ ላይ እንደሚሞሉት እንጃ። ባልቴቷ ወደ ቤታቸው አስገብተውን ከግድግዳው ላይ አንድ ማረሻ አወረዱ፤ ጫፉ በአፈር ተበልቶ የእጅ መዳፍ አክሏል። «ይህን የሠራው አባትህ ነው፤ ሦስቴ አስስሎልኛል፤ ከሄዳችሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ብረት አላገኘሁም» አሉ። አባቴ በአውራ ጣታቸው የማረሻውን ጀርባ ዳሰሱና መዶሻው የወረደበትን ቦታ አሳዩኝ፤ አያቴ ግራኝ ስለነበሩ ምቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። አያቴ ግራኝ እንደነበሩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ማረሻውን ይሰጡን እንደሆነ ብዬ ስጠይቅ ባልቴቷ «እኛስ በምን እንረስ?» ብለው መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ ወደ ተዳፋቱ ይዘውን ሄዱ። መቃብሩ የድንጋይ ክምር ነው፤ ስም የለውም። ግን ሦስተኛው ክምር የአያቴ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ትንሿ በኩፍኝ የሞተችው አክስቴ እንደሆኑ ነገሩን፤ ተዝካሩ የተበላበትን ዓመት ሳይቀር ጠቀሱ። አባቴ አክስቴን ረስተዋት አያውቁም፤ የት እንዳረፈች ግን ጠፍቶባቸው ነበር።

እኒህ ሴት መልአክ ናቸው እያልኩ አይደለም። ቡና አፍልተው ሳሉ «ያኔ ልጆቻችንን ወደ እናንተ ቤት አንልክም ነበር፤ ቡዳ ናቸው ይባል ነበር» ብለው በራሳቸው አፍ ተናገሩ። ርስት የማይሰጠን፣ በሌላው መሬት ጭሰኛ የሆንን፣ ብረት ቀጥቅጠንና ሸክላ ሠርተን ያደርን ሰዎች ነበርን፤ «ፈላሻ» የሚለውም ስም ምርቃት አልነበረም። ስብሰባው ላይ አንገታቸውን ሲነቀንቁ ካየኋቸው ሁለቱ ሰዎች አንዱ በኋላ በሩ ላይ «ወደ ሰደቡን ሰዎች ምን ፍለጋ እንሄዳለን?» አለኝ። ይህ የኃላፊውን ያህል የማይረባ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ግን አባቴ ከመቃብሩ ስንመለስ ሰጥተውታል፦ «የሰደበንም ያወቀንም አንድ ሰው ነው።» ልጆቻችን ሁለቱንም ከባለቤቱ አፍ ቢሰሙ ይሻላል። ስድቡ በሌላ ቋንቋ እዚህም ጠብቋቸዋል፤ ማረሻውን የሚያሳያቸው ሰው ግን እዚህ የለም።

ወደ ፖላንዱ ልመለስ፤ ስብሰባው ላይ እንደ ሚዛን የቀረበልን እሱ ነውና። የእስራኤል ተማሪዎች ናዚዎች አይሁዶችን የጨረሱባቸውን ካምፖች ለማየት ከ1988 ጀምሮ በተደራጀ መልክ ወደዚያ ይሄዳሉ። የወንድሜ ልጅ ሄዷል፤ ተመልሶ ለሁለት ቀን ሳይናገር ተቀምጧል፤ ማንም ልጅ ያንን እንዳያይ የምከለክል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን «እዚያ ሰነድ አለ» ሲባል ሰነዱ ምን እንደሆነ ሰው ማሰብ አለበት። ጀርመን ውስጥ ባድ አሮልሰን በምትባል ከተማ በሚገኘው የናዚ ሰለባዎች መዝገብ ቤት ስለ 17.5 ሚሊዮን ሰዎች የሚናገር ወረቀት አለ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን የጻፉት ገዳዮቹ ናቸው፤ የካምፕ ካርድ፣ የማጓጓዣ ዝርዝር፣ የእስረኛ ቁጥር። ወረቀቱ የተረፈው ባለቤቱ ስላልተረፈ ነው። የጠፋውን ሰው ስም በዚያ ፈልጎ ማግኘት ቅዱስ ሥራ ነው፤ ያን ወረቀት የሥር ሁሉ መለኪያ አድርጎ «እናንተ የላችሁም» ብሎ እኛን መመለስ ግን ለሟቾቹም ክብር አይደለም። በ2022 ደግሞ በይዘቱ ላይ በተነሣ አለመግባባት የፖላንዱ ጉዞ ሲቋረጥ «እንግዲህ ሽርሽር ነበር» ያለ አልነበረም፤ ሁለት መንግሥታት ተደራድረው በ2023 ስምምነት ላይ ደረሱ። ለእኛ ጉዞ አንድ ስብሰባና አንድ ዓረፍተ ነገር በቃ።

የሞሮኮውማ ጭራሽ ክርክሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ሐምሌ 2021 ቀጥታ በረራ ከተከፈተ ወዲህ ወላጆቻቸው ከዚያ የመጡ ጎረቤቶቼ ወደ ካዛብላንካና ማራኬሽ ይመላለሳሉ። ወዛን ወዳለው ወደ ራቢ አምራም ቤን ዲዋን መቃብር ሄደው ሻማ ያበራሉ፤ እናታቸው የተወለደችበትን በር ጎረቤት ጠይቀው ያገኙታል፤ በሩን የከፈተው ሙስሊም ሻይ ያጠጣቸዋል። ማንም የልደት የምስክር ወረቀት አልጠየቃቸውም፤ መጠየቅም የለባቸውም። እነሱ ጎረቤት ጠይቀው ሲያገኙ «ቅርስ»፣ እኛ ጎረቤት ጠይቀን ስናገኝ «ሽርሽር» የሚሆንበትን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ ግን ልንጠይቅ ይገባናል።

ለነገሩ ወረቀት ካሰኛቸው ወረቀትም ሞልቷል። የዐፄ ሠርጸ ድንግል ዜና መዋዕል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ተራሮች ላይ ከቤተ እስራኤል ጋር የተደረገውን ጦርነት ይተርካል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ነበር፤ ስለ እኛ ጽፏል። አይሁዳውያኑ ተመራማሪዎች ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867፣ ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 መጥተው አባቶቻችንን አነጋግረዋል፤ የፋይትሎቪች መጻሕፍት ስብስብ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል። ኃላፊው አውቶቡስ ተሳፍረው ሊያዩት ይችላሉ፤ የጉዞ በጀት አያስፈልገውም።

ጉዞውን የሚያስቀር ሌላ ምክንያት አንሥተው ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ላይ እንስማማ ነበር፤ ጸጥታ። ነሐሴ 2023 ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎች በውጊያ መካከል በአውሮፕላን መውጣታቸውን ሁላችንም ተከታትለናል፤ የሰው ልጅ ወደ ተኩስ ይላክ የሚል ወላጅ የለም። ያን ቢሉ «መንገዱ እስኪከፈት በጀቱ ይቀመጥ፤ እስከዚያ ልጆቹ እዚህ ያሉትን ቄሶችና ሽማግሌዎች እየቀረጹ ይዘጋጁ» ብዬ እጄን አወጣ ነበር። እሳቸው ግን መንገዱ ተዘግቷል አላሉም፤ በመንገዱ መጨረሻ ምንም የለም ነው ያሉት። የተዘጋ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፤ ከበጀት ላይ «የለም» ተብሎ የተሰረዘ አገር ግን ማን መልሶ ይጽፈዋል?

አንድ ነገር አልክድም፤ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ መንገድ ዳር ቆሞ፣ የዳዊት ኮከብ የተሳለበት የሸክላ ምስል ገዝቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወደ መኪናው የሚመለስ ቡድን አይቻለሁ። ያ በእርግጥ ሽርሽር ነው። ጥፋቱ ግን የወለቃም የኢትዮጵያም አይደለም፤ ልጆቹን የወሰደው አስጎብኚ ከአስፋልቱ መውረድ አልፈለገም። እግረ መንገዴን፣ በሱዳን በኩል የመጡትን ቤተሰቦችም ላንሣ። በዚያ መንገድ ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል፤ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ መንግሥትም በየዓመቱ ያስባቸዋል። የእነዚያን ሰዎች ስም ከእናትና ከወንድም አፍ በቀር ከየት ሊያገኙት ነበር?

ልጄ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ በዚህ ክፍል ያሉ ብዙ ልጆች እንደሚያደርጉት «አቮዳት ሾራሺም»፣ ማለትም የቤተሰብ ሥር ፍለጋ ሥራ፣ ትሠራለች። ከትምህርት ቤት የሰጧት ቅጽ ላይ ለአያትና ለቅድመ አያት ሳጥን አለ፤ የቤተሰብ ስም፣ የልደት ቀን፣ የትውልድ ከተማ፣ ፎቶግራፍ። ትናንት ማታ ከአባቴ ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ስትሞላ አዳመጥኳቸው። በልደት ቀን ሳጥን ውስጥ «ጥር አንድ» ብላ ጀምራ ሰረዘችውና «ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን» ብላ በዕብራይስጥ ጻፈች። ቅጹ በሦስተኛው ቤት ላይ አለቀ። «አባባ፣ ከዚህ በላይ አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴ መነጽራቸውን አወለቁና «ወረቀት አምጪ» አሏት፤ ልጅቷ ሌላ ሉክ አምጥታ ከላይ በኩል በፕላስተር ቀጠለችበት። ስተኛ አምስተኛው ቤት ላይ ደርሰው፣ ከበለሳ ስለመጣችው ሴት እየተከራከሩ ነበር።